ኮዱ ያረጃል፤ ኮደሩስ?

ሳሪስ ላይ ዕድሜ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው።

መኪናው የተበላሸበት ሰው ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትልቁ ሰውዬ የሉም?» ብሎ ነው። እዚያ ሽበት ዋስትና ነው። ሞተሩ ሳይፈታ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ይሄ እንኳ ሌላ ነው» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ቁልፍ ያቀብላል፣ ያያል፣ ይማራል። ቶርኖ ቤትም ብትሄዱ ያው ነው። ብረት ለ30 ዓመት የቆረጠ እጅ በአንድ ዓመት ከቆረጠ እጅ እንደሚበልጥ ማንም አይከራከርም።

እዚያው ሰፈር ደረጃ ወጥታችሁ ሶፍትዌር ወደሚሠራ ቢሮ ስትገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጡት አብዛኞቹ የ20ዎቹ ልጆች ናቸው። መሀላቸው አንድ የ38 ወይም የ40 ዓመት ሰው ካለ ጥያቄው አይቀርለትም፤ «እንዴ፣ አንተ እስካሁን ኮድ ትጽፋለህ እንዴ?» የሚጠይቀው ሰው ክፋት የለውም። በእሱ ሐሳብ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ወይ አለቃ መሆን አለበት፣ ወይ የራሱን ድርጅት መክፈት፣ ወይ ደግሞ አሜሪካ መግባት። ቁጭ ብሎ ኮድ መጻፍ የልጅ ሥራ ተደርጎ ነው የሚታየው።

ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ ከምታነቡት መካከል ኮድ የምትማሩ ወይም ለመማር የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ዕድሜያችሁ 22 ቢሆን 40 ዓመት በጣም ሩቅ ይመስላል። ግን ይመጣል። ያኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ቦታ ይኖራችኋል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

አርጅቶ ያየነው የለም

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ፕሮግራሚንግ የወጣት ሥራ ብቻ የሚመስለን አንዱ ምክንያት በዙሪያችን ያረጀ ፕሮግራመር አለማየታችን ነው። አለማየታችን ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ራሱ ገና ወጣት ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማና ከዚያ በታች ነው። በወጣት አገር፣ በወጣት ሙያ ውስጥ ሽማግሌ ፈልጎ ማጣት አይገርምም።

ከሳሪስ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ታገኛላችሁ። ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች መካከል በሶፍትዌር ሥራ የቆዩ ካሉ ገና ወደ 30ዎቹ አጋማሽ እየተጠጉ ነው ማለት ነው። በየዓመቱ ከኋላቸው አዲስ ምሩቅ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተሰኘው መርሐ ግብር ተጀመረ። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን ስለ መግቢያው በር ብዙ ስናወራ ከገቡ በኋላ ስላለው ቤት ብዙም አናወራም። አምስት ሚሊዮን ሰው ወደ ሙያው ሲጋበዝ፣ አንዱ ቢያንስ «ከ20 ዓመት በኋላስ ምን እሆናለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ደግሞ አርጅቶ ያየነው የለም የሚለው ነገር ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አሉ። የሠሩት ሥራ አሁን በእጃችሁ ነው፤ ስማቸውን ግን ላትሰሙ ትችላላችሁ።

ፊደሉን ወደ ስክሪን ያመጡት

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ «ሀ»ን «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው በራሱ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር የግዕዝን ፊደል ጨርሶ አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በራሳቸው ገንዘብና እንቅልፍ፣ ፊደሉን ወደ ስክሪን ማምጣት ጀመሩ። ፍስሐ አጥላው «ዳሽን ኢንጂነሪንግ» በሚል ስም የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሩ። ዶ/ር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ግን «ሞድኢት» የተባለውን ፕሮግራም ይዘው ብቅ አሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የአማርኛን ድምፅ በላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አወጡ፤ ፊደል በሌለው ኮምፒዩተር ላይ በኢሜይል አማርኛ መጻጻፍ እንዲቻል። ዛሬ በላቲን ኪቦርድ ድምፁን ስትነኩ ፊደሉ የሚወጣላችሁ መተግበሪያ የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው።

አገር ቤትም በየቢሮውና በየኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ነገሡ። ከታላላቆቻችሁ መካከል በእነዚህ የተየበ ካለ አንድ መከራ ያስታውሳል። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጥቷል፤ የአንዱ «ሀ» ለሌላው ኮምፒዩተር ሌላ ነገር ነው።

መፍትሔው ዓለም ሁሉ የሚስማማበት አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበር፤ ዩኒኮድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያው ዩኒኮድ ሲወጣ የግዕዝ ፊደል አልነበረበትም። ከዓመታት ጥናት፣ ሐሳብ ማቅረብና ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ቀስ በቀስ ወደ ስልኩም ገባ፤ እነሆ ዛሬ ማንም «ፎንት አለህ ወይ?» ሳይባባል በአማርኛ ቻት ያደርጋል።

ከዕድሜ ጋር ምን አገናኘው? እዩት እስቲ። እነዚህ ሰዎች በ1980ዎቹ የጻፉት ኮድ ዛሬ በየትኛውም ስልክ ላይ አይሠራም። የተሠራበት ማሽን ሙዚየም ገብቷል፤ ዲስኩን የሚያነብ ኮምፒዩተር ማግኘትም ጭንቅ ነው። ኮዱ አርጅቶ ሞቷል። ችግሩን ማወቃቸው ግን አልሞተም። ፊደሉ ስንት ዝርያ እንዳለው፣ «ኳ»ና «ጓ» የት እንደሚገቡ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ እንዴት እንደሚለዩ የሚያውቅ ሰው ማሽኑ ስለተቀየረ አላዋቂ አይሆንም። ዳንኤል ያዕቆብ ከዚያ በኋላም በግዕዝ ፊደል ቴክኖሎጂ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። ዶ/ር አበራም ሥራቸውን ቀጥለው በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እስከማግኘት ደርሰዋል። የ1980ዎቹን ኮድ ሙጥኝ ብለው ቢቀሩ ኖሮ አብረው ያረጁ ነበር።

ምን ያረጃል? ምን አያረጅም?

ስለዚህ «ፕሮግራመር ያረጃል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ከሚያውቀው ውስጥ የቱ ያረጃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መሣሪያው በፍጥነት ያረጃል። በአንድ ወቅት የቢሮ ሶፍትዌር ሲባል ቪዥዋል ቤዚክ ነበር፤ የታወቀው ስድስተኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከዚያ ፍላሽ መጣ፤ አኒሜሽኑም ጌሙም በእሱ ተሠራ፤ በ2020 መጨረሻ አዶቤ ራሱ ቀበረው። የአንድሮይድ መተግበሪያ በጃቫ መጻፍ የተማረ ልጅ ብዙም ሳይቆይ በ2017 ጉግል ለኮትሊን በይፋ ድጋፍ ሲሰጥ እንደገና ለመማር ተቀመጠ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምትማሩት ነገርም ያው ዕጣ አለው። አሁን በጣም ተፈላጊ የሆነው ነገር ከ10 ዓመት በኋላ «እሱ እኮ ድሮ ቀረ» ይባላል። ይህን አውቆ መግባት ነው።

የማያረጀው ደግሞ ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር።

ጀማሪ ፕሮግራመር የደመወዝ ወይም የብድር ሲስተም ሥራ ሲባል ዓመቱ 12 ወር ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች። ጳጉሜን አምስት ቀን ነች ብሎ ያስተካክላል። ከዚያ ዘመነ ሉቃስ ይመጣና ስድስት ትሆናለች። ደንቡ አጭር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። 2015 እንዲህ ነበር፤ 2019ም እንዲሁ ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ ያለው መስከረም 1 በፈረንጆቹ መስከረም 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል፤ እስከ የካቲታቸው 29 ድረስም ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ይጀምራል፤ የስልኩ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት። «ነገ 3 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ ሲስተሙ ላይ የሌሊት ሊሆን ይችላል።

ስምም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለው። «ሰሎሞን»ን አንዱ በእሳቱ «ሰ»፣ ሌላው በንጉሡ «ሠ» ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። መብራት በሒሳብ መሀል ይጠፋል። ኔትወርክ ብሩ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይገባ ይቋረጣል። ደንበኛው «አልሄደም መሰለኝ» ብሎ ቁልፉን ሁለቴ ይነካል።

ይህን ሁሉ የትኛውም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አያስተምርም። ተቃጥሎ፣ ሌሊት ተደውሎለት፣ ደንበኛ ፊት ቆሞ አፍሮ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው። ቋንቋው ጃቫም ሆነ ኮትሊን፣ ጳጉሜን ጳጉሜን ናት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? የቆየ ፕሮግራመር ትልቁ ሀብቱ ጥርጣሬው ነው። ወጣቱ «ይሠራል!» ሲል እሱ «መቼ አይሠራም?» ይላል። አዲሱን ለውጥ ዓርብ ማታ እንልቀቀው ሲባል እሱ «ሰኞ ጠዋት ይሁን፤ ሰው ቢሮ ሲኖር» ይላል። አሰልቺ ነው። ግን ዋጋው የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ነገሩ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በቴሌግራምና በስልክ በሰዓታት ተዳረሰ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ፤ ያለአግባብ የወጣውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ተናገረ። የማንን ጥፋት ነው የሚለውን ለሚመለከተው እንተው። ግን ያ ሌሊት አንድ ነገር አሳይቷል፤ የአንድ አገር ገንዘብ በሶፍትዌር ላይ ሲቀመጥ፣ ጠርጣራ ዓይን ቅንጦት አይደለም።

«አለቃ ሁን» የሚሉት ዕድገት

ታዲያ የቆየ ሰው ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን አናየውም? ብዙዎቹ ተገፍተው ስለሚወጡ ነው።

በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ደመወዝ የሚጨምረው በወንበር ነው። ከፍተኛ ባለሙያ ትሆናለህ፣ ከዚያ ጣሪያ ትነካለህ። ከዚያ በላይ መሄድ ከፈለግህ ቡድን መሪ፣ ዳይሬክተር፣ ሥራ አስኪያጅ መሆን አለብህ። እናም ጥሩ ኮድ የሚጽፈው ሰው ላፕቶፑን ዘግቶ ስብሰባ ይገባል፤ ደብዳቤ ይመራል፣ የሰዓት ፊርማ ይቆጣጠራል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ያጣና አንድ መካከለኛ አለቃ ያገኛል። ሰውየውም ከሦስት ዓመት በኋላ መመለስ ቢያምረው እጁ ዝጓል።

መምራት የሚወድና የሚችል ይምራ፤ ሰው ማሳደግም ትልቅ ሥራ ነው። ችግሩ ሌላ መንገድ አለመኖሩ ነው። ሐኪም ለ30 ዓመት ታካሚ እያየ ማዕረጉም ደመወዙም ያድጋል፤ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ካልሆንክ ወደቅህ አይባልም። በውጭ ያሉ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ይህን ተረድተው ሁለት መሰላል ዘርግተዋል፤ አንዱ የአስተዳደር፣ አንዱ የሙያ። በሙያው መሰላል ጫፍ ላይ ያለው ሰው የአንድ ዳይሬክተርን ያህል ወይም የበለጠ ይከፈለዋል፤ ኮድም ይጽፋል። የእኛ ባንኮች፣ ቴሌኮሞችና የሶፍትዌር ድርጅቶች ይህን ለመሥራት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልጋቸውም፤ የደመወዝ እስኬሉን መከለስ ነው።

ቤትም ጫና አለ። እናት «ልጄ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው» ስትል በ25 ዓመቱ ኩራት ነው። በ40 ዓመቱ «አሁንም እዚያው ነው?» ይሆናል። በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አንዲት እናት ከወሊድ በፊትና በኋላ 120 ቀን ፈቃድ አላት። ተመልሳ ስትመጣ ግን ቡድኑ መሣሪያ ቀይሮ፣ ሥራዋን ለሌላ ሰጥቶ ሊጠብቃት ይችላል። ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ ላፕቶፕ ከፍቶ መቀመጥም ሕፃን ላቀፈች ሴት እንደ 23 ዓመት ላጤ አይሆንላትም። በ40ዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ፕሮግራመር ካላያችሁ፣ ችሎታው ስለሌላት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ መንገዱ ላይ ምን እንደጠበቃት ጠይቁ።

ለማሳመር ያህል ዕድሜ ምንም አይቀንስም ብንል ደግሞ ውሸት ነው። ዓይን ይደክማል፣ ወገብ ያማል። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ኮድ ጽፎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ መግባት በ23 ዓመት ጀግንነት ነው፣ በ43 ደግሞ በሽታ። አዲስ ነገር ለመማር የሚተርፈው ጊዜም ከልጅ ትምህርት ቤትና ከወላጅ ሕክምና ጋር ይሻማል። ለዚህ ነው በሌሊት ትጋት ብቻ የተሠራ ሙያ የማያዛልቀው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን፤ ለኮድም ለኮደርም ይሠራል።

ሌላው ዓለምስ?

በሌላውም ዓለም ቢሆን ለዕድሜ ክብር ሞልቶ አልተረፈም። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በ2007፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ወጣቶች የበለጠ ብልህ ናቸው የሚል ንግግር ማድረጉ እስከዛሬ ይነሳበታል። እሱ ራሱ አሁን 40ን አልፏል። አሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ ያሉ ሠራተኞችን በዕድሜያቸው ከመገለል የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1967 ነው፤ ችግር ባይኖር ሕጉ አይወጣም ነበር። ቻይና ውስጥ ደግሞ «የ35 ዓመት እርግማን» የሚባል ነገር አለ፤ ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቴክኖሎጂ ድርጅት ሥራ ማግኘት ስለሚከብደው።

ሌላኛውን ጎን ደግሞ እዩ። ግሬስ ሆፐር ከኮምፒዩተር ቋንቋዎች እናቶች አንዷ ነች፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጡረታ የወጣችው በ1986፣ በ79 ዓመቷ ነው። የእሷ ሥራ መሠረት የሆነው ኮቦል በ1959 የተጀመረ ቋንቋ ነው፤ ስንት ጊዜ «ሞተ» ተብሏል። በሚያዝያ 2020 ኮሮና ሥራ አጡን ሲያበዛው የኒው ጀርሲ ግዛት የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተም ተጨናነቀ፤ የግዛቱ ገዢ በቴሌቪዥን ቀርበው ኮቦል የሚያውቅ ሰው እርዱን ብለው ለመኑ። ወጣት መጥራታቸው አልነበረም።

ጃፓናዊቷ ማሳኮ ዋካሚያ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ኮምፒዩተር የገዙት በጡረታ መውጫቸው አካባቢ ነው። በ2017፣ በ81 ዓመታቸው፣ ለአረጋውያን የሚሆን የአይፎን ጌም ሠርተው አወጡ፤ ምክንያታቸውም ለእሳቸው ዕድሜ የሚመች ጌም ስላጡ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ያንን ችግር ከየት ያየዋል?

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የብራያን ከርኒሃን ታሪክ ነው። በ1977 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር «ኦክ» የተባለውን ትንሽ ቋንቋ ሠራ፤ ጽሑፍ ለመፈተሽና ለመቆራረጥ የሚያገለግል። በ2022፣ 80 ዓመት ሞልቶት፣ ያንኑ የራሱን ኮድ ከፍቶ ዩኒኮድ እንዲያነብ አደረገው። ማለትም በ35 ዓመቱ የሠራውን ዕቃ በ80 ዓመቱ የእኛን «ሀ ሁ» ጭምር አንድ አንድ ፊደል አድርጎ እንዲቆጥር አስተማረው። ፊደላችንን ወደ ሠንጠረዡ ያስገቡት ሰዎች ልፋትና የአንድ የ80 ዓመት አዛውንት ሥራ እዚህ ላይ ተገናኙ።

ኤአይ ሲመጣ

አሁን ደግሞ ጨዋታው ሌላ መልክ ይዟል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ ማለት ነው፣ ኮድ መጻፍ በራሱ ርካሽ ሆኗል። ድሮ ጁኒየር ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ሥራ ማሽኑ በደቂቃ ያወጣዋል። እስካሁን «ወጣት ፈጣን ነው» ይባል ነበር፤ በፍጥነት ከሆነ ግን ማሽኑን የሚቀድም ወጣት የለም።

ታዲያ ለሰው የሚቀረው ምንድን ነው? ማሽኑ ያወጣው ኮድ ትክክል መሆኑን መለየት፤ ምን መሠራት እንዳለበት መወሰን፤ ጳጉሜንን ማስታወስ። ይህ የልምድ ሥራ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ሚዛኑ ወደ ቆየው ሰው ያጋደለ ይመስላል።

ግን የቆየው ሰው ቶሎ ደስ አይበለው። የዛሬው ሲኒየር ትናንት ጁኒየር ነበር። ድርጅቶች «ማሽኑ ይሠራዋል» ብለው ጀማሪ መቅጠር ካቆሙ ከ15 ዓመት በኋላ ሲኒየር ከየት ይመጣል? ጋራዡ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ ከሌለ ድምፅ ሰምቶ በሽታ የሚያውቅ መካኒክ አይኖርም። እናንተም ጀማሪዎች ብትሆኑ፣ ማሽኑ የሰጣችሁን ኮድ ሳታነቡ መለጠፍ ከለመዳችሁ በ40 ዓመታችሁ የሚኖራችሁ የ18 ዓመት ልምድ አይሆንም፤ የአንድ ዓመት ልምድ 18 ጊዜ ይሆናል።

38 ዓመት

አሁን ቁጥር እንሥራ። የጡረታ ዕድሜ በአገራችን 60 ነው። ዛሬ 22 ዓመት የሆነው ልጅ 38 የሥራ ዓመት ይጠብቀዋል። 38 ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር የት እንደርሳለን? ፊደሉን በስክሪን ላይ ለማሳየት የሚታገሉት ሰዎች ዘመን ላይ። ከዚያ እስከ ዛሬ የተቀየረውን አስቡ፤ የእናንተም መንገድ ከዚያ አያንስም። ስለዚህ «የትኛውን ቋንቋ ልማር?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚመልሰው። የቀረውን 36 የሚመልሰው መሠረቱ ነው፤ ዳታ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲስተም ለምን እንደሚወድቅ። ከዚያም አንድ የሥራ ዘርፍ ጠልቆ ማወቅ፤ ባንክ ይሁን፣ ጤና፣ እርሻ ወይም ጉምሩክ። ጉምሩክን የሚያውቅ ፕሮግራመር ቋንቋ ቢቀየርበትም ጉምሩክ አይቀየርበትም።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ ወጣቶች መስማት የማይወዱት። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ተቀጣሪው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያስገባሉ። በ60 ዓመት የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፑ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ፍሪላንሰር ግን አሠሪ ስለሌለው ያንን 11 በመቶ የሚከፍልለት የለም። በዶላር የሚከፈለው ዛሬ ደስ ይላል። ግን በ45 ዓመቱ ደንበኛው ወደ ሌላ ቢዞርበት የሚደገፍበት ነገር ካላስቀመጠ፣ ያ ሁሉ ዓመት በወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ ድርሻ መለየት፣ ግብሩን ማስተካከል፣ ውልና ማስረጃውን ማስቀመጥ ይገባል።

ሦስተኛው የድርጅቶች ፋንታ ነው። ማስታወቂያ ላይ «ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ» ብሎ የሚጽፍ ቀጣሪ ምን እየጣለ እንደሆነ ይወቅ። የተሠራው ሲስተም ለምን እንዲህ እንደተሠራ የሚያውቀው ያ የሚገፋው ሰው ነው። እሱ ሲሄድ ኮዱ ይቀራል፤ ምክንያቱ ግን አብሮት ይሄዳል። ከዚያ አዲስ የመጣው ልጅ «ይቺ መስመር ምንም አትሠራም» ብሎ ይሰርዛታል፤ ያቺ መስመር ጳጉሜን 6 ላይ ብቻ የምትሠራ ነበረች።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር። በምትሠሩበት ወይም በምትለማመዱበት ቦታ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠውን ፕሮግራመር ፈልጉ። ምናልባት ዝም ብሎ ጥግ የተቀመጠ፣ የማታውቁትን የድሮ መሣሪያ የሚጠቀም፣ አዲሱን ነገር ስታነሱለት የማይደነግጥ ሰው ነው። ቡና ጋብዙትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «እስካሁን ከወደቀብህ ሲስተም ሁሉ የከፋው የቱ ነበር? ለምን ወደቀ?»

ከዚያ ስልካችሁን አስቀምጡና አድምጡ።